የእርድ መሬት ፍለጋ በኩርሙክ መንገድ

አሶሳ ደርሶ የተመለሰ ሰው ማንጎ ካልያዘ፣ ሄዷል ብሎ የሚያምነው የለም። እኔ የተሰጠኝን ማንጎ ሁሉ ሥልጠና ላይ ጨፍልቄ ስለጨረስኩት ባዶ እጄን ነው አዳማ የገባሁት። ጎረቤቶቼ እስካሁን እንዳኮረፉኝ ናቸው። በማንጎው ፋንታ ወሬውን ላቅርብላቸው ብዬ ይህን ጻፍኩ።

ሥራዬ ግንባታ ማስተማር ነው። በአዋሽና በፈንታሌ በኩል መሬቱ ሲንቀጠቀጥ ከርሞ አዳማ ያለነውንም ካርገፈገፈን ወዲህ፣ ድሮ ክፍል ውስጥ ያንቀላፉ የነበሩ ተማሪዎቼ ሁሉ ነቅተዋል። ከዚያ የተሻለ የማስተማሪያ መሣሪያ አግኝቼ አላውቅም። ታዲያ አንድ ፕሮጀክት «ርዕደ መሬትን ስለሚቋቋም ቤት በየክልሉ ሥልጠና ይሰጥ» ብሎ ሲደለድለን ለእኔ አሶሳ ደረሰኝ። ባልደረቦቼ ሳቁብኝ። በካርታው ላይ ስምጥ ሸለቆው ቀይ ሲሆን ምዕራቡ ዳር ፈዘዝ ያለ ነው፤ መሬቱ እዚያ እምብዛም አይነቃነቅም። «ዝናብ በሌለበት ጃንጥላ ልትሸጪ ነው» አለኝ አንዱ። እኔም በልቤ እንደዚያው ሳልል አልቀረሁም፤ ግን አሶሳን አይቻት አላውቅም ነበርና ሻንጣዬን አዘጋጀሁ።

ሰኞ ማለዳ ከአዳማ በሚኒባስ ወጣሁ። ለሥልጠናው ብዬ ከሽቦና ከቀጭን እንጨት የሠራኋትን ትንሽ ቤት በእጄ ይዣለሁ። አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ፈታሿ «ይሄ ምንድን ነው?» አለችኝ።

«ቤት ነው።»

«ቤት በእጅ ተይዞ አይገባም» አለችና ከሻንጣዬ ጋር እንድጭናት አደረገች። አሶሳ ስደርስ ርዕደ መሬትን እንድትቋቋም የሠራኋት ቤት ከሻንጣዎች ሥር ተጨፍልቃ፣ የተረገጠ የወፍ ጎጆ መስላ ወጣች። ገና ሳልጀምር ያፈርኩት እዚያ ነው።

ሊቀበለኝ የመጣው ሾፌር «ኢንጂነር ዘነበ» የሚል ካርቶን ይዞ ሰዎቹን ሁሉ ያያል፤ እኔን ብቻ ያልፈኛል። ስሜ ዘነበች ነው። አንዱ የመሥሪያ ቤት ሰው «ኢንጂነር ሴት?» ብሎ ስህተት የመሰለውን አርሞልኝ ነው። መንገደኛው ሁሉ አልቆ ሁለታችን ብቻ ስንቀር ተያየን።

«እኔስ ወንድ ነበር የምጠብቅ» አለ፣ ካርቶኑን ወደ ኋላው እየደበቀ። «እንኳን ደህና መጡ፣ እትዬ።»

ይመር ይባላል። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው ከሰፈሩት ናቸው፤ እሱ የተወለደው አሶሳ አጠገብ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ አምባዎች በአንዱ ነው። ወሎን በዓይኑ አይቷት አያውቅም። አነጋገሩን ለሰማ ግን ትናንት ከደሴ የወረደ ይመስላል።

ያረፍኩበት ሆቴል ደግ ነው። አልጋው አንድ እግሩ ጠፍቶ በብሎኬት ተደግፏል፤ እንደ ባለሙያ ሳየው ድጋፉ አላማረኝም፤ እንደ ፈራሁትም ስገላበጥ ተንሸራቶ ከነፍራሹ መሬት ላይ አወረደኝ። ድምፁን ሰምታ የመጣችው የሆቴሉ ባለቤት ይቅርታ ብላ ብላ ስታበቃ የራሷን አልጋ ሰጠችኝ። አዳማ ቢሆን ኖሮ እግሩን ሰበርሽ ብለው ያስከፍሉኝ ነበር። ሙቀቱ ግን ጎረቤቶቼ እንደፈሩልኝ አይደለም፤ ለአዳማ ሰው ብርቅ አይሆንም።

ማክሰኞ ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለች መንደር ሄድን። መንገዱን «ሸካራ» ማለት ማሞገስ ነው። ይመር ጉድጓዱን ሁሉ በስም ያውቃል፤ አንዱን «ይቺ እንኳ አምና ነው የተወለደች» ብሎ አስተዋወቀኝ። የአዳማን ፈጣን መንገድ ሳማርር የኖርኩትን ሁሉ እያሰብኩ መቀመጫውን ጨብጬ ደረስኩ።

አዳራሹን ሳይ ዓይኔን ማመን አቃተኝ፤ ጢም ብሏል። ወንበር ያልደረሰው በመስኮት ተንጠላጥሏል። በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ሙክት በግ ይዘው ቆመዋል። አዳማ ውስጥ፣ መሬቱ በሚነቃነቅበት አገር፣ ለእንዲህ ያለ ሥልጠና የሚመጣው አበል ፈላጊ ብቻ ነበር። «የሚገርም ሕዝብ!» አልኩና በኩራት ጉሮሮዬን ጠራረግኩ።

ገና «ስለ ርዕደ መሬት ልንነጋገር ነው» ከማለቴ ከፊት የተቀመጠች፣ በዕድሜ እኔን የምታህል ብርቱካናማ ሻሽ ያደረገች ሴት እጇን አወጣች። ሐዋ ትባላለች፤ የበርታ ተወላጅ ናት፤ አማርኛን የተማረችው ገበያ ላይ ነው።

«መሐንዲስ፣ እርድ መሬት መቼ ትሰጣለህ?»

«ርዕደ መሬት የሚሰጥ አይደለም፣ እትዬ» አልኳት። «ጊዜውን ጠብቆ በራሱ ነው የሚመጣው።»

«በራሱ? ሳይዘሩ?»

ቀልድ መሰለኝ። «አዎ፣ ሳይዘሩ።»

አዳራሹ «ማሻ አላህ!» እያለ አጉረመረመ። አንዱ ከኋላ ተነሥቶ «ብዙ ያወጣል?» አለ።

«በጣም እንጂ! ሰውን ሁሉ ከቤቱ ያወጣል።»

«ሲመጣ ምን እናርግ?»

«ሮጣችሁ ወደ ሜዳ መውጣት ነው።»

«ለመልቀም?»

በዚህ ጊዜ ይመር በሩ ላይ በሳቅ ተጠቅልሎ ቁጭ አለ። እንባውን እየጠረገ «ኧረ እትዬ፣ የወጥ እርድ ነው የመሰላቸው!» አለኝ። ለካ ጥሪው በድምፅ ማጉያ ሲታወጅ «ርዕደ መሬት» የተባለው በየጆሮው «የእርድ መሬት» ሆኖ ገብቷል። ለእርድ ተክል መሬት ሊታደል ነው ተብሎ ነው ያ ሁሉ ሰው የመጣው። ባለ በጉ ሽማግሌ ደግሞ እርዱን ሌላ እርድ አድርገው፣ አዲስ ቄራ ሊከፈት ነው ብለው ነው ሙክታቸውን የጎተቱት። ጉዳዩ ሲብራራ አዳራሹ እንደ ተበሳ ጆንያ ፈሰሰ። የቀሩት ለስላሳ መጠጡን የሚጠብቁ ጥቂቶች፣ ሐዋና በጉ ናቸው።

ለቀሩት ብዬ ቀጠልኩ። ቤቴ ተጨፍልቃለች፤ መብራትም የለም። አንዲት ሴት በስጦታ ያመጣችልኝን ማንጎ ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ፣ ትሪ ጭኜበት፣ ትሪው ላይ በሳሙና ቤት ሠራሁና ጠረጴዛውን ነቀነቅሁት። ማንጎው ሥር ሥሩን ሲንከባለል ሳሙናው እንዳለ ቆመ፤ ደጋግሜ ስነቀንቀው የተጨፈለቀው ማንጎው ነው። «ጃፓን እንዲህ ነው» አልኳቸው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለአጭር ሥልጠና ሄጄ አይቻለሁ፤ ትልልቁን ሕንፃ በወፍራም ጎማ ላይ ያስቀምጡታል፣ መሬቱ ሲናጥ ሕንፃው ሕፃን እንደሚያባብል ሰው ቀስ እያለ ይወዛወዛል። እውነተኛ ቤት ከነዕቃው ጭነው የሚነቀንቁበት አዳራሽ አላቸው። አስተናጋጃችን «በእናንተ አገርስ?» ብሎ ሲጠይቀኝ «እኛ እንጸልያለን» ብዬው ነበር፤ በትሕትና ጎንበስ ብሎ ጻፈው።

ሐዋ ትሪውን ትኩር ብላ አየችው። «እዚያ ቤት ጎማ ላይ። አዳማስ?»

«አፈር ላይ።»

«እዚህስ?»

«እዚህም አፈር ላይ።»

«እሺ» አለች። «እርድ ከሌለ፣ ና፣ ቤት እይልኝ።»

ሐዋ እንደ ብዙዎቹ የአካባቢው ሰዎች ሴቱንም ወንዱንም እንዳመጣላት ነው የምትጠራው። አንዴ አንተ፣ አንዴ አንቺ እየሆንኩ ተከተልኳት።

እሷ የምትኖርበት ቤት በቀርከሃ ተማግሮ በጭቃ የተለሰነ ነው። ምሳ ያበላችኝም እዚያው ነው፤ የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ። እኛ ዘንድ ገንፎ መሐሉ ተቦድሶ ቅቤና በርበሬ ይቀመጥበታል፣ እጅም በሥርዓቱ ይመለሳል። ሙልጭልጭ የሚለው ባሚያ ግን ከጣቴ ወደ ክንዴ፣ ከክንዴ ወደ እጅጌዬ ሲወርድ ሐዋ በሳቅ ሞተች፤ ፎጣ አስመጥታ እንደ ልጅ ጠራረገችኝ።

ልታሳየኝ የፈለገችው ግን አጠገቡ ያለውን አዲሱን ቤት ነው። ለልጇ ለፋጡማ ያሠራችው ነው። ፋጡማን ለልጃቸው ያጯት ኩርሙክ ያሉ ነጋዴዎች ናቸው፤ ሐዋም «ልጄ የምትገባው ብሎኬት ቤት ነው» ብላ በሽማግሌ ፊት ቃል ሰጥታለች። ግንበኛው ሰይድ የሾፌሬ የይመር ወንድም ነው። ይመር ደረቱን ነፍቶ «እዩት እንግዲህ፣ የወንድሜን እጅ» አለኝ።

አየሁት። ቆርቆሮው ገና አልተመታም። ግድግዳው ቀጥ ብሏል፤ ነገር ግን ከላይ ዙሪያውን ይዞ የሚያስተሳስረው ምንም ነገር የለም። በሁለቱ ጫፍ፣ ጣሪያው የሚያርፍበት ሦስት ማዕዘን ግንብ ደግሞ ማንም ሳይይዘው ወደ ሰማይ ተሹሏል። ራስ ሳይጠና ጉተና። መሬቱ ባይነቃነቅ እንኳ ከክረምቱ በፊት የሚነሣው ነፋስ ለዚያ ግንብ ይበቃዋል። ሐዋ ግን ፊቴን እያየች ፈገግ ብላለች። «ቆንጆ ነው» አልኳትና ምላሴን ነክሼ ወደ አሶሳ ተመለስኩ።

ረቡዕ ፕሮግራሙ ለአሶሳ ጉብኝት ነበር። እኔ ግን ያንን ግንብ እያሰብኩ ቁርሴን ትቼ ተነሣሁ። ይመርን «ወደ ሐዋ መልሰኝ» ስለው ለምን እንደሆነ ገባው መሰለኝ፣ መንገዱን ሁሉ አንድም ጉድጓድ ሳያስተዋውቀኝ ነዳ።

ሐዋንም ሰይድንም ግንቡ ሥር አገኘኋቸው። ዙሪያውን በብረትና በኮንክሪት ቀበቶ እንዲታሰር፣ ሦስት ማዕዘኑ ወርዶ በቦታው የተጠለፈ ቀርከሃ እንዲገባ ነገርኳቸው። ቀርከሃ ቀላል ነው፤ ቢወድቅም ሰው አይገድልም።

ሰይድ የግንበኛ ማንኪያውን ወረወረ። «እኔ ያቆምኩት ቤት እስከ ዛሬ አልወደቀም፣ እትዬ። የደሃ እንጀራ አይዝጉ።»

ሐዋ ግን አልጮኸችም። «አዳማ ቤትሽ ቀርከሃ ነው?»

«አይ፣ ብሎኬት ነው።»

«ለአንተ ብሎኬት፣ ለሐዋ ቀርከሃ?»

«በውጭ አገር የተማሩ ሰዎች ቀርከሃን አሁን በጣም ያደንቁታል…»

«ይኖራል ውስጡ? ወይስ ያደንቃል ብቻ?»

ለሥልጠና በሄድኩበት ሁሉ እንደዚያ ያለ ጥያቄ ተጠይቄ አላውቅም። በሐቁ ብጸና የምታፍረው እሷ ናት፤ ዝም ብል ግንቡ የሚወድቀው ልጇ ላይ ነው። እዚያው ቆሜ ስንተባተብ ከማንጎ ዛፎቹ በኩል አቧራ አንሥቶ ነፋሱ ደረሰ። ከላይ ከግንቡ ጥቂት ደረቅ ሲሚንቶ ትከሻዬ ላይ ረገፈ።

ከዚያ በኋላ ያለውን አላስታውስም። ራሴን ያገኘሁት ሜዳው መሐል፣ አንድ ጫማ ብቻ አድርጌ፣ «ውጡ! ውጡ!» እያልኩ ስጮህ ነው። ግንቡ እንደቆመ ነው። ሰይድ በሳቅ ተደግፎበታል። «ነፋስ ነው፣ እትዬ! ነፋስ!»

ሐዋ አልሳቀችም። ጫማዬን ይዛልኝ መጣችና አጠገቤ ቁጭ አለች። «ለምን እንዲህ ሮጠህ?»

ነገርኳት። የምኖረው ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ነው። አንድ ማታ ሕንፃው ሲወዛወዝ ደረጃውን እንዴት እንደወረድኩት አላውቅም፤ ሜዳ ላይ ስደርስ እጄ ላይ የነበረው የቴሌቪዥን ሪሞት ነው። መታወቂያዬን አይደለም፣ ወርቄን አይደለም፣ ሪሞት! ሐዋ አሁን ሳቀች። እኔም ሳቅሁ።

«ቤትሽ ወደቀ?»

«አልወደቀም። ተሰነጠቀ።»

«ማን ጠገነው?»

«ማንም። ቀለም ቀቡት።»

«አንተ መሐንዲስ ነህ። ምን አረግህ?»

«አልጋዬን ከግድግዳው አራቅኩት።»

ሐዋ ቀና ብላ አዲሱን ቤት አየች። ግንቡ ሥር፣ ለመኝታ የታሰበው ቦታ በኖራ ተሰምሮበታል፤ የፋጡማ አልጋ የሚቀመጠው እዚያ ነው። «የሙሽራ ሰዎች ዓርብ ይመጣል፣ ቤት ሊያይ» አለች። «ባለፈው ረጅም አይቷል። አሁን አጭር ቢያይ ሐዋ ቃሉን በላ ይላል። ሰው ይስቃል፣ ልጄ ይቀራል።»

ከኋላችን ቆማ ሁሉን ስታዳምጥ የቆየችው ፋጡማ ነበረች ነገሩን የጨረሰችው። ተማሪ ናት፤ አማርኛዋ ከእኔ ይጠራል። «እማ፣ ቁመቱ ለእኔ ምን ያደርግልኛል? ጣሪያው ላይ አልተኛ!»

ሐዋ ተነሣች። «ሰይድ፣ አውርድ።»

ሐሙስ ሥራ ሆነ። ሰይድ ያኮረፈ ፊቱን ሳይፈታ ሦስት ማዕዘኑን ብሎኬት በብሎኬት አወረደው። ብረቱ ቀጭን ነው፤ ጃፓን ለአንድ ዓምድ የሚያስገቡት ለዚህ ቤት ሁሉ ተርፎ ለጎረቤት ይደርስ ነበር። ባለን አሰርን። ይመር ብረቱን በጥድፊያ ሲያስር ወንድሙ «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ብሎ እንደ አዲስ አስፈታው፤ ያን ጊዜ ነው ሰይድ ሥራውን የራሱ ማድረጉን ያወቅሁት። እኔ አፌንም እጄንም ሰበሰብኩና ውኃ ቀዳሁ። መንደሩ ውስጥ ቀርከሃ መጥለፍ የማይችል እኔ ብቻ ነበርኩ፤ ሞክሬ ጣቴን ስለተወጋሁ ሴቶቹ ከርከዴ የሚሉትን ቀይ የአበባ ሻይ ሰጥተው ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ቀበቶው በከፊል በኮንክሪት ተሞላ፤ አንደኛው ወገን ብረቱ እንደታየ ለዓርብ አደረ። የተጠለፈውም ቀርከሃ ግድግዳው ላይ ተደግፎ ቆመ። እውነቱን ለመናገር ቤቱ በጣም አጠረ።

ዓርብ በረራዬ ከሰዓት በኋላ ነበር። ልሰናበት ስደርስ የሙሽራው ወገኖች ጁምዓን እዚያው ሊሰግዱ ማልደው ገብተዋል። የሙሽራው አጎት ሼህ ኢድሪስ፣ ነጭ ጀለቢያ የለበሱ ረጅም ሽማግሌ፣ በትራቸውን ተደግፈው ቤቱን ከላይ እስከ ታች አዩት።

«ሐዋ፣ ቤት አጠረ!»

አብረዋቸው የመጡት ሴቶች ሻሻቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። አንዷ «ብሎኬት አለቀች?» አለች። ሐዋ መሬት መሬት አየች። ያቺ አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ያላፈረች ሴት ሻሿን ወደ ዓይኗ ሳበች።

«መሐንዲስ ንገር» አለች።

ነገርኩ። ስለ ነፋስ፣ ስለ ክብደት፣ ስለ ቀበቶ፣ ስለ ጃፓን። አበዛሁት። ሼሁ በትራቸውን አንሥተው አስቆሙኝ።

«አንተ ቤትሽ እንደዚህ ነው?»

«አይደለም።»

ሐዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«የኔ ረጅም ነው፣ ሼህ» አልኳቸው። «ግን ውስጡ ብረት ይኑረው አይኑረው አላውቅም። ሲንቀጠቀጥ ጥዬው እሮጣለሁ። አልጋዬን ከግድግዳው አርቄ ነው የምተኛው። ይሄ ቤት ግን ቀበቶው ደርቆ ጣሪያው ቢመታ፣ ግድግዳውን ተደግፌ እተኛበት ነበር።»

ለሐዋ ብዬ ነበር መናገር የጀመርኩት። ከአፌ ከወጣ በኋላ ግን አንዲቱም ቃል ውሸት እንዳልነበረች ገባኝና ደነገጥኩ።

ሼሁ ወደ ቤቱ ሄዱ። ገና ያልተሞላውን ብረት በጣታቸው ሳቡት፤ አልመጣም። ቀርከሃውን በመዳፋቸው ገፉት፤ ጎበጥ ብሎ ተመለሰ። ሰይድ በዓይኑ ይከተላቸዋል። ከዚያ ወደ ሐዋ ዞረው «መብሩክ፣ የተባረከ ይሁን» አሉ። ሐዋ እልልታዋን ስትለቀው የመንደሩ በጎች ሁሉ በረገጉ፤ ሲስቁባት የነበሩት ሴቶችም ተቀበሏት።

ይመር ሰዓቱን እያሳየ መኪናውን አስነሣ። ሻንጣዬን ሳነሣ ሼሁ «ወዴት?» አሉኝ።

«ወደ ቤቴ፣ አዳማ።»

«ወደዚያ ሮጠህ የምትወጣው ቤት?»

«አዎ» አልኩ። ሌላ የለኝም።

እልልታው ቆመ። ቅድም በሐዋ ቤት የሳቁት ሴቶች እኔን ያዩኝ ጀመር፤ አንዷ «ምስኪን» ስትል ሰማኋት። ሼሁ በትራቸውን ለሰይድ አስያዙና ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሁሉም ዘረጉ፤ ሐዋም፣ ፋጡማም፣ ይመርም መሪውን ለቆ። ቤት እንዴት እንደሚቆም ላስተምራቸው የመጣሁትን ሴትዮ መሐላቸው አቁመው፣ አላህ አዳማ ያለውን ቤቴን አጽንቶ እንዲያቆምልኝ ዱዓ አደረጉልኝ።

አሚን አልኩ፣ ከልቤ።